ቻይ ነህ ተብዬ መርዶ ይዤ ወደ በቆጂ

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ሞተሩን እያሞቀ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ መስኮቱን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ጉዞዬ እስከ በቆጂ ነው፤ የምሄደውም መርዶ ልነግር ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይተን የሠራነው ታይፒስቱ ታደሰ ባለፈው ሳምንት ታሞ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ቀበርነው። በዚህ ዓለም ያለችው ዘመድ አንዲት ታላቅ እህት ናት። እናትና አባት ሲሞቱባቸው ታደሰን ያሳደጉት እሳቸው፣ እትዬ ዘነበች ናቸው። በቆጂ ውስጥ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። እስካሁን አልሰሙም።

«አንተ ሂድ፤ አንተ ቻይ ነህ» አሉኝ ባልደረቦቼ። በቀብሩ ላይ አላለቀስኩማ! እኔ የደብዳቤ አርቃቂ ነኝ፤ ቃል ሳይመዘን አይዋጥልኝም። ቻይ የሚባለው እያመመው የሚሸከም ሰው ነው። ጭራሽ የማያመው ግን ልበ ደንዳና ይባላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆንኩ አላውቅም፤ አለማወቄም ያስፈራኛል። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እትዬ ዘነበች ይህን ወሬ ከመንገደኛ አፍ፣ ብቻቸውን ቆመው አይሰሙም። በወጉ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በግራና በቀኝ የሚይዛቸው እጅ ኖሮ ነው የሚሰሙት። እስከዚያ ድረስ ከፊቴ ላይ አንዲት ነገር አይነበብም ብዬ ቆርጫለሁ።

ሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ዴራ

ናዝሬት ወርጄ ወደ አሰላ የሚሄድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ፤ ሁለት ብር። ከኋላ ጨው፣ ስኳርና ቆርቆሮ ተጭኗል። አዋሽን ተሻግረን ዴራ ስንደርስ ጎማው ተነፈሰ። ጎሚስታው እስኪለጥፈው ድረስ ግራር ጥላ ሥር ቁጭ አልን። አቧራ፣ ፍየል፣ በቅል ወተት ይዘው የተደረደሩ ሴቶች፣ የምታቃጥል ፀሐይ።

ሾፌሩ ጋሽ ቱፋ ጠና ያሉ የአርሲ ሰው ናቸው። ጠላ ጋበዙኝ፤ እምቢ አልኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ምሳም አልቀመስኩም።

«ኦቦ፣ አትጠጣም፣ አትበላም፣ አትስቅም። ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩ። ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው የምሄደው።»

«ጥቁር ክራባት አስረህ?» አሉና ሳቁ። «መርዶ ነው የያዝከው። ፊትህን ዘግተህ አንገትህን ረሳኸው!»

አፈርኩ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አስሬው የከረምኩትን ክራባት እዚያው ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ወዲያ መደበቁ ዋጋ ስላልነበረው ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ቱፋ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እኛ ኦብሳ እንላለን» አሉኝ። «ጭነቱ ከብዶም መንገዱን አለማቆም ነው፤ እንደዚች መኪና። ግን ሰው ፊት ብላ። የማይበላ ሰው፣ ሐዘን እንዳለበት ሕፃንም ያውቃል።»

ጎማው ተለጥፎ ዳገቱን ስንይዝ የሰውዬው ቃል ይመላለስብኝ ጀመር። በእኛ ቋንቋ ኦብሳን ትዕግሥት ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ለእኔ ነገር ግን ልኩ አልመሰለኝም። ትዕግሥት ቀን ይቆርጣል። የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል የሚባለው መጨረሻው ላይ ልጅ ስላለ ነው። የእኔ መጨረሻ ላይ ያለው ለቅሶ ብቻ ነው። መቻል ይሻላል፤ መቻል ምንም አይጠብቅም።

ሰኞ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አሰላ

ብርዱ ከዴራ ለመጣ ሰው ቅጣት ነው። የጭላሎ ተራራ ራሱን በደመና ሸፍኗል፤ ከተማው የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ጥብስ አቀረቡልኝ። በጋሽ ቱፋ ምክር መሠረት መብላት ተለማመድኩ። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ምግብ ላይ ሰነፍ ነኝ፤ እንደምንም ዋጥኩት።

«ጭምት ሰው ነዎት» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ዝምታዬን አይተው።

አመሰገንኩ እንጂ አልተቀበልኳቸውም። ጭምት ሰው ዝም ሲል ያርፋል፤ እኔ ዝም ስል ደረቴ ውስጥ የሚገፋ ነገር አለ። ይህ ማፈን ነው። የታፈነ ነገር ደግሞ ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል። «እስከ ረቡዕ ጠዋት ብቻ» አልኩት ራሴን።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቆጂ

ሐሳቤ ሲመሽ ገብቼ፣ የእትዬ ዘነበችን ጎረቤት ነጋዴውን አቶ ሁሴንን በጓሮ በር አግኝቼ፣ ሌሊቱን ተመካክረን ጎህ ሲቀድ መሄድ ነበር። መንገድ ላይ ሳጉሬ ስንደርስ ጭቃው ይይዘናል ብዬ ያሰላሁት ጊዜ ተረፈና ገና በጠራራ ፀሐይ ገባን። ከአሰላ የያዝኩት መኪና ደግሞ የት ቆመ? ልክ እትዬ ዘነበች ሱቅ በር ላይ።

«አንተ! ምን እግር ጣለህ?» ብለው ወጡ። አምና ለመስቀል ከታደሰ ጋር መጥቼ ሦስት ቀን ቤታቸው ሰንብቻለሁና ያውቁኛል። አገላብጠው ሳሙኝ። «ታደሰስ?»

«ደኅና ነው፣ እትዬ። እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት።»

ምላሴ አልተንቀጠቀጠም። በሕይወቴ ራሴን እንደዚያች ደቂቃ የጠላሁበት ጊዜ የለም።

በግድ ለእራት አስቀሩኝ። የገብስ እንጀራ በቅቤ ከራሰ ወጥ ጋር ቀረበ። በላሁ። ሲጨምሩልኝ በላሁ። ስለ አዲስ አበባ ኑሮ እየቀለድኩ፣ ራሴው እየሳቅሁ ሦስት እንጀራ ጨረስኩ። እሳቸው ጥቂት ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡና አንገታቸውን አቀርቅረው «ብላ ልጄ፣ ብላ» ይሉኛል። ከአቶ ሁሴን ጋር ጉዳይ አለኝ ብያቸው ለማደሪያ ወደዚያ ቤት ሲሸኙኝ በሩ ላይ እጄን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

አቶ ሁሴን መርዶውን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «ሰብር ይስጣት» አሉ፤ አላህ ለእትዬ ዘነበች ጽናትን እንዲሰጥ መለመናቸው ነው። ወዲያው ጋቢያቸውን ደርበው ጎረቤቱን ሊያስማሙ ወጡ።

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

አሥር ያህል ሆነን ሄድን። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ከፊት ሆኑ፤ እትዬ ዘነበች ሲወድቁ እንዲይዟቸው። በሩን ልናንኳኳ ስንል ክፍት ሆኖ አገኘነው።

ውስጥ ፋኖስ በርቷል። የጨው ጆንያዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ ወለሉ ላይ ለለቀስተኛ ሰሌን ተነጥፏል። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰው መሐል ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው።

«ግቡ» አሉ።

አቶ ሁሴን በቁጣ ዞረው አዩኝ። «ነገርካት?»

«ማንም አልነገረኝም» አሉ እትዬ ዘነበች። «ይህ ልጅ አምና እዚህ ሲሰነብት እየማልኩ፣ እየተገዘትኩ ነው ያጎረስኩት። ትናንት ሳልምል፣ ሳልገዘት ሦስት እንጀራ በላ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከወንድሜ ሌላ ምን ይደብቀኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ገበታ ላይ ብጮህ ምን ትሆን ነበር? ይህን ሁሉ መንገድ እንዲያ ተጨንቀህ መጥተህ!» ሰሌኑ ላይ አጠገባቸው እንድቀመጥ አመለከቱኝ። «አሁን ሰው ተሰብስቧል። ንገረኝ። በወጉ ሳይነገረኝ ለወንድሜ አላለቅስም።»

ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ በመንገድ ላይ ሳረቅቅና ስሰርዝ የመጣሁት ንግግር ነበረኝ። «ታደሰ...» አልኩ። ሌላ ቃል ጠፋኝ። እንደገና «ታደሰ...» ብዬ ጀመርኩና ሰሌኑ ላይ ተደፍቼ ድምፄን አውጥቼ ጮህኩ። ሊይዟቸው የመጡት ሁለቱ ሴቶች እኔን ያዙኝ። እትዬ ዘነበች ራሴን ስበው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ለቅሶውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ተከተሉኝ።