የረሻድ ቄጤማ

ረሻድ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ክር ቀለም እየነከረ ይኖር ነበር። ሙያውን የወረሰው ከአባቱ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ስለሆነ የሰፈራችን ወሬኞች «ሰማይ የነካው» ይሉታል። እሱም ይስቃል። ከሰማይ ሌላ የነካው ነገርም የለ።

አምና አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ቀለሙን ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ካላቆምክ ማቅለሚያ ቤቱ ይታሸጋል» አለው። ማጣሪያ መሣሪያ የሚገዛበት አቅም የለውም። ቃለጽድቅ የምትባል የስድስት ኪሎ ተመራማሪ ናት ዘዴውን ያሳየችው፤ ቆሻሻው ውሃ ጠጠር በተነጠፈበት ገንዳ፣ በቄጤማና በፊላ መሀል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ተክሎቹ መርዙን ይይዙታል። ረሻድ እንደ ልጅ ተንከባከባቸው። ቄጤማው ለመለመ፤ ውሃውም እየጠራ ሄደ። ተቆጣጣሪው አይቶ «ከፋሲካ በኋላ ናሙና እወስዳለሁ። ንጹሕ ከሆነ ትሠራለህ» አለው።

በቅዳሜ ሹር፣ ረሻድ መርካቶ ሄዶ ሳለ፣ ጎረቤቱ እትዬ የሺዓለም ማጭድ ይዘው ብቅ አሉ።

«ከዲጃ፣ ቄጤማችሁ እንዴት አምሯል! ይኼ በደጃችሁ እያለ አትክልት ተራ ምን አስኬደኝ?»

የረሻድ ሚስት ከዲጃ ምን ትበል? በዚህ ሰፈር ለጎረቤት በዓል እምቢ አይባልም። እንዲያውም አብራ አጨደች። እሳቸው ሳይጨርሱ ሌሎች ጎረቤቶች ደረሱ፤ ፊላውንም ሳይለዩ በችኮላ ከነሥሩ ነቀሉት።

ረሻድ ሲመለስ ገንዳው ባዶ ነው። ሚስቱን አልተቆጣም። በቀጥታ እትዬ የሺዓለም ቤት ሄደ። የልጅ ልጆቻቸው በተጎዘጎዘው ቄጤማ ላይ ይንከባለላሉ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝና ያውጡት። የቀለም መርዝ የጠጣ ነው።»

«ቆጨህ እንዴ ረሻድ? ሚስትህ ደስ ብሏት የሰጠችኝን በበዓል ዋዜማ መርዝ ትለዋለህ?»

ቢምልም አላመኑትም። ሌሎቹም እንዲሁ። ሰፈሬን አውቀዋለሁ፤ ለማመስገን ዳተኛ፣ ለማማት ፈጣን ነው። በማግሥቱ ሁሉም «ረሻድ ሰጥቶ ነሳን» ይል ነበር።

ተቆጣጣሪው ከበዓሉ በኋላ መጣ። ከገንዳው የሚወጣው ውሃ ሰማያዊ ነበር። ረሻድ ተክሉ እንደገና ሥር እስኪይዝ ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ። ማንም አልሰማውም፤ የማቅለሚያ ቤቱ በር ታሸገ።

አሁን አትክልት ተራ ጆንያ ይሸከማል።

በአረፋ ዕለት ከዲጃ በሯን ከፍታ እስከ ማታ ተቀመጠች። እንኳን አደረሳችሁ ለማለት እትዬ የሺዓለምን የሚቀድም አልነበረም። ዘንድሮ ግን አልመጡም።

«ቄጤማውን አልሰጥም ብላቸው ኖሮም አይመጡም ነበር» አለች ለባሏ።

ረሻድ ተነሥቶ በሩን ዘጋው።