የብርጓል መኪና የመረጠች ጊዜ

የብርጓልን ሉማሜ ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። ባሏ እንዳላማው የወፍጮ ቤት ባለቤት በመሆኑ ብቻ አይደለም። እሷ ራሷ ከሚዛኑ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ፣ እህል ይዞ የመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ታስተናግድ ነበር። የእኔና የእሷ ግቢ የሚለየው በአንድ አጥር ነው። ካገባች ብዙ ዓመት ልጅ ሳታገኝ ቆይታ፣ በ፲፱፻፶ዎቹ ማለቂያ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ይመኙሻል አለቻት።

ይመኙሻል ክርስትና ከተነሣች ብዙም ሳትቆይ ደረቷ ተዘጋ። ጊዜው ነሐሴ ነው፤ ጭጋጉ ከመሬት አልነሣ ብሏል። ሐኪም ቤት ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። የብርጓል ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ከማለዳ ጀምራ መንገድ ዳር ካለው ሻይ ቤት በር ላይ አውቶቡስ ጠበቀች። አውቶቡሱ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ እሱም እስከ በሩ ሞልቶ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁላት። ሐኪሙ ልጅቷን መርምሮ፣ "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ…" አለና ቀሪውን ዋጠው። ልጅቷ ዳነች። እናቲቱ ግን ያ ያልተጨረሰ ንግግር ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

ቤቷ ስትገባ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "መኪና እንገዛለን" አለችው እንዳላማውን። "ከእንግዲህ ልጄን ታቅፌ መንገድ ዳር አልቆምም።"

እንዳላማው ወፍጮ ከመትከሉ በፊት የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበረ ነገሩን በደስታ ተቀበለው። ታኅሣሥ ላይ ፈንታ የሚባል ደላላ ከደብረ ማርቆስ ሁለት መኪና አስነድቶ መጣ። አንዱ ጥቁር፣ ረጅም፣ ኒኬሉ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ ቀይ ቆዳ ነው። ሁለተኛዋ ግራጫ ቮልስዋገን ናት፤ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ አንዱ የጎማ ክዳኗ፣ ፓራፋንጎዋ፣ የተጨረመተ።

እንዳላማው ጥቁሩን ሲያይ ዓይኑ በራ። "ይኼ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን ያነሣል!" አለ።

የብርጓል ግን አባቷን አቶ ባዘዘውን ከይጁቤ አስጠርታ ነበር። በይጁቤ ገበያ እሳቸውን ሳያማክር በቅሎ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ወጋቸው የታወቀ ነው፤ በቅሎዋን መጀመሪያ ቁልቁለት ያወርዷታል፣ ቀጥሎ በገዢው ግቢ ያሳድሯታል፤ ዋጋ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ጥቁሩን መኪና ዞረው አዩት፤ ጎማውን በከዘራቸው ቆረቆሩት። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ሲጨምር ተመለከቱና፣ "ጎሽ፣ ይጠጣል" አሉ። ወደ ግራጫዋ ተሻገሩ። የፊት ኮፈኗ ሲከፈት ትርፍ ጎማና አሮጌ ጨርቅ ብቻ ታየ።

"ምነው፣ ሆድ የላትም እንዴ?"

"ሞተሯ በስተኋላ ነው አባቴ" አለ ፈንታ።

"ውሃውስ በየት ይገባል?"

"ውሃ አትጠጣም። ነፋስ ነው የሚያበርዳት።"

አቶ ባዘዘው ከዘራቸውን ሰበሰቡ። "ውሃ እንቢ ያለች በሽተኛ ናት። መልሳት።"

የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀ እንዳላማው ነው። "ሰማሽ የብርጓል? አባትሽ ፈረዱ!"

"አባባ፣ ቁልቁለት ሳያወርዱ መፍረድ የጀመሩት መቼ ነው?" አለች እሷ፣ ረጋ ብላ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሱስ ልክ ነሽ። ይውረዱ።"

የብርጓል ወፍጮ ቤት ገባች። ልጇን በአንድ እጇ፣ የዱቄት ከረጢት በሌላው ይዛ፣ እየጨመረችና እየቀነሰች ክብደታቸውን አስተካከለች። ከዚያ ልጅቷን ለእኔ ሰጠችኝና ዱቄቱን በልጅቷ ጋቢ ጠቅልላ ታቅፋ ከጥቁሩ መኪና የኋላ ወንበር ተቀመጠች።

"እታለም፣ ለመኪናው ስንቅ ያዝሽለት?" አለ ፈንታ።

"ለዛሬ ልጄ ይህች ናት። ይልቅ ንገረው፣ ይንዳ።"

ሰው ሁሉ ከከተማው ዳር ያለው ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ሄዶ ቆመ። ጥቁሩ ቁልቁለቱን እንደ ውሃ እየተንሸራተተ ወረደ። መታጠፊያው ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የኋላው በር ቧ ብሎ ተከፈተ። የብርጓል የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ተረፈች፤ ጥቅሉ ግን ከእጇ አምልጦ ወደቀና ኮረኮንቹ ላይ ፈነዳ። ዱቄቱ መንገዱን ነጭ አደረገው።

አሁን የሳቀ የለም። እኔ ይመኙሻልን አጥብቄ ያዝኳት። እንዳላማው ከተበተነው ዱቄት መሃል ባዶውን ጋቢ አነሣና ቀስ ብሎ፣ "በር እኮ ይጠገናል" አለ።

"ልጅስ?" አለችው።

ሌላ ዱቄት ተሞላ። ግራጫዋም ያንኑ ቁልቁለት ወረደች፤ መታጠፊያው ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ቀጥ ብላ ቆመች። በሯ አልተነቃነቀም፤ ጥቅሉም ከየብርጓል እቅፍ አልወጣም። አቶ ባዘዘው ግን አሁንም ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። "አወራረዷስ ደኅና ነው። ግን አትጠጣም!"

"እንግዲያው ሁለቱም እዚሁ ይደሩ" አለች የብርጓል።

ፈንታ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ኧረ እታለም! መኪና እኮ ነው፤ ገለባ ሊበላ ነው የሚያድረው?"

"እዚህ የደረሱት ሞቀው ነው። የእኔ ልጅ የምትታመመው በብርድ ነው። በብርድ ልያቸው።"

ጠዋት የግቢው ሣር ውርጭ ለብሶ ነበር። ጥቁሩ ቢያስነሡት አቃሰተ፤ ደግመው ቢሞክሩ ሳል ብቻ ሆነ። ወንዶቹ እስከ ወፍጮ ቤቱ በር ገፉት፤ እዚያው ቀረ። እንዳላማው ራሱ ግራጫዋ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ወዲያው ተነሣች፤ ድምፅዋ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። አቶ ባዘዘው በስተኋላ ዞረው መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ፤ ሙቀቱ እስኪሰማቸውም ቆዩ።

"ተሳስቻለሁ" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ይህች ጤነኛ ናት። ግዟት።"

እንዳላማው ጥቁሩን በሐዘን እያየ፣ "ባርኔጣ የሚያነሣልኝ ቀረ በይኛ" አለ።

"እኔ ገዝቼ አነሣልሃለሁ!" አለችው የብርጓል። ያን ቀን ሰፈሩ በሳቅ ዋለ።

የካቲት ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ አጥሩ ተንኳኳ። የይመኙሻል ደረት ደግሞ ተዘግቷል፤ እስትንፋሷ እንደ ወንፊት ያንሿሿል። ሮጬ ስደርስ ግራጫዋ ተነሥታ እየጠበቀች ነው። ከየብርጓል ጎን ተቀመጥኩ። እንዳላማው ቁልቁለቱን በዝግታ፣ ሜዳውን በፍጥነት ነዳ፤ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ያለውን የጨሞጋን ድልድይ ስንሻገር ፀሐይ ገና አልወጣችም።

የሐኪም ቤቱን በር የከፈተችልን አይናዲስ የምትባል ነርስ ናት፤ መፋቂያዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች። "ምነው እናንተ ደግሞ! ሐኪሙ ገና ቁርሱን አልበላም።"

"ጥሪልኝ እቴ፤ ቁርሱን እኔ አጎርሰዋለሁ!" አለች የብርጓል።

ሐኪሙ ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ። ልጅቷን አዳመጣት፤ መርፌ ወጋት። ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ስትደርስ ይመኙሻል እንደ ልቧ ተነፈሰች፤ ቀጥሎም ባለ በሌለ ጉልበቷ አለቀሰች። ያን የሞላ፣ የጠራ ለቅሶ የብርጓል ስትሰማ ወደ በረንዳው ወጥታ እልል አለች።

"ኧረ ሴትዮ፣ በሽተኛ ተኝቷል!" አለች አይናዲስ።

የብርጓል ግን አላቆመችም። አይናዲስም ግራ ቀኟን አየችና መፋቂያዋን ከአፏ አውጥታ አብራት እልል አለች።