በዳቦ ላስቲክ የመጣው ቅርንጫፍ

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ቱዉምባ ከተማ ውስጥ ባለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል፣ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት የአትክልት ጓንታቸውን እንኳ አላወለቁም። ቡትስ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው። ሮዝ አበባ ያለው ቅርንጫፍ በዳቦ ላስቲክ ቋጥረው ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ወደ ደረታቸው ይሰበስቡታል።

«ኦሊያንደር ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ሐኪሞቹ እንዲያዩት አመጣሁት። ጠዋት የከረከምኩትን ባሌ ልጦ፣ ቋሊማ ሰክቶ ጠበሰበት። መርዝ ነው፣ አትንካው እያልኩት ሠላሳ ዓመት!»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ዛሬ ቋሊማው መረረ አለኛ!»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ደከመ። በሩን ሲያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ ይሁን የሚቆጡ አልለየሁም።

«ልጅ ያላቸው ጎረቤቶቻችን ሁሉ ነቅለውታል» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን፣ እኛ ቤት ያገኘውን አፉ የሚከት ሕፃን የለም ብዬ ተውኩት። ለካ ነበር።»



በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። «ልባቸው ደህና ነው። ደግነቱ አንድ ጉርሻ ብቻ ነው የቀመሱት። እስከ ነገ እዚሁ እናቆያቸዋለን። ‹ሚስቴ ተቆጥታለች ወይ?› እያሉ አስቸግረውናል፤ ይግቡ።»

አሮጊቷ ብድግ አሉ፤ ወዲያው ተመልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አንዴ ቆዪኝ፣ የኔ ቆንጆ» አሏት። «መጀመሪያ እዚሁ ላልቅስ። እንባዬን ካየ ይኮራብኛል።»