እያወቅሁ የመረጥኩት እግር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም፤ ልጆቼም አያውቁትም። የንስሐ አባቴ በየጾሙ መግቢያ «ሌላስ የቀረህ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የለም አባ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ እመለሳለሁ። በመስቀል ፊት የደበቅሁትን ለማላውቅህ ለአንተ የምናገረው ለምንድን ነው? ምናልባት ፊትህን ስለማላየው ይሆናል። እኔ ከድሮም ፊት ለፊት የሚያየኝን ሰው እፈራለሁ።

በንጉሡ ዘመን ነቀምቴ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነው። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ስላደግሁ ኦሮምኛን እንደ አማርኛ እናገራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ «ሳይገባው ቀርቶ ይሆናል» ብለህ እንዳታዝንልኝ ነው። ገብቶኛል። ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር።

በትምህርት ቤታችን የሳይንስ አስተማሪዎች እኔና ገመቹ ነበርን። ገመቹ የዲጋ ገበሬ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ የወንጌል አማኞች ናቸው። አማርኛ ሲናገር ኦሮምኛው ይጎትተዋል። እኛ ከሸዋና ከጎጃም ሰው የተወለድን መምህራን በእረፍት ሰዓት አነጋገሩን እያስመሰልን እንስቅበት ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል። ክፍል ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ደወል ተደውሎ እንኳ ተማሪዎቹ ከወንበራቸው አይነሱም። እኔ ሳስተምር መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ለዚህ ጠላሁት። ሌላ ምክንያት ልፈልግ? የለኝም። በድሎኝ አያውቅም። ታምሜ በተኛሁ ጊዜ የእኔን ክፍል ደርቦ ያስተማረልኝ እሱ ነው። ያንን ውለታውንም ጠላሁት።

አንድ ፈረንጅ መምህር አገሩ ሲገባ ቴሌስኮፕ ትቶልን ሄደ። ከፊቱ ወፍራም ሌንስ ያለው ረጅም የናስ ቱቦ ነው። መቆሚያውን ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ምስጥ በልቶት ስለነበር፣ ያለ እግር የቀረ ዕቃ ሆነ። በዚህ መሐል አገረ ገዢው ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ እንደሆነ ተሰማ። ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና «ጨረቃን ብናሳያቸው ስማችን ይጠራል። የሳይንስ ክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህ፤ የሚሆን እግር አንተ ምረጥ» አለኝ።

እኔ ነበርኩ መራጩ። ይህን ደጋግሜ እልሃለሁ፤ መራጩ እኔ ነበርኩ።

ገመቹ ነገሩን ሲሰማ ሥራ ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ቱቦውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወዲያ ወዲህ እያለ ሚዛኑ የሚጠበቅበትን ቦታ ፈለገና በኖራ ምልክት አደረገበት። ከዋንዛ እንጨት ሦስት ወፋፍራም እግሮች አስጠረበ፤ ሰፋ ብለው፣ ዝቅ ብለው የሚቆሙ። ከተሰበረ የጭነት መኪና ብረት ፈልጎ ቱቦውን የሚሸከም፣ ሳይላወስ ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚዞር አንገት አስበየደለት። ከሥር ድንጋይ አንጠለጠለበት።

«ታዴ» አለኝ፤ «ይሄ ቱቦ ጨረቃን ብቻ መሰለህ የሚያጎላው? መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላል። እግሩ ከባድ ካልሆነ ጨረቃን አናይም፤ የምናየው የራሳችንን ትንፋሽ ነው።»

እኔ በበኩሌ ከከተማው ፎቶግራፍ አንሺ ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ተዋስኩ። ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ነው። ሲያዩት ያምራል።

ጀንበር ስትጠልቅ ሁለታችን ብቻ ሜዳው ላይ ቆመን ሞከርናቸው። መጀመሪያ በእኔ። ዓይኔን ሳስጠጋ ጨረቃ እንደ ተወረወረ ኳስ ዘለለች። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ፤ ጥቂት ረጋች፤ ነፋስ ሽው ሲል መልሳ ተንቀጠቀጠች። ቀጥሎ ቱቦውን በገመቹ ዋንዛ ላይ ጫንነው። እግዚአብሔር ያሳይህ! ጨረቃ እንደ ተሰቀለ ሥዕል ቀጥ ብላ ቆመች። ጉድጓዶቿን፣ የተራሮቿን ጥላ አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውብ ነገር አይቼ አላውቅም። ዓይኔን አላነሳም ብል ገመቹ ከኋላዬ ሆኖ እንደ ሕፃን ሳቀ። «አየሃት? አየሃት አይደል?» አለኝ።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ጋ ገብቼ «የገመቹ አይሆንም፤ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ የበሬ ቀንበር ነው የሚመስለው፤ እንግዳ ፊት አይቀርብም። የካሜራው ይሻላል» አልኩ።

ለምን? ያየሁትን ለምን ካድኩ? አገረ ገዢው ጨረቃን ረግታ ካዩ በኋላ «ይህን ማን ሠራው?» እንደሚሉ፣ መልሱም «ገመቹ» እንደሚሆን ስለማውቅ ነው። ይኸው ነው። ከዚህ የከበደ ምክንያት ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ገመቹ ሲነገረው አልተቆጣም። መቆሚያውን ተሸክሞ ወደ ዕቃ ቤት እየወሰደ «ኃላፊው አንተ ነህ። ግን ቱቦውን ማንም በእጁ እንዳይጎትተው አደራ፤ ያ ነገር ይታጠፋል» ብቻ አለኝ። አደራውን ሰማሁ። ለአገረ ገዢው ግን አልነገርኳቸውም። «አይንኩት» ማለት የመረጥኩት እግር ደካማ ነው ብሎ መመስከር መስሎ ታየኝ።

አገረ ገዢው በጉብኝቱ ዕለት አመሻሽ ላይ ከአጃቢዎቻቸው ጋር መጡ። መምህራንና ተማሪዎች ተሰልፈናል። ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ጨቅይቷል። ወደ ቴሌስኮፑ ቀረብ አሉ፤ ዓይናቸውን አስጠጉ፤ ጨረቃ ዘለለችባቸው መሰል ቱቦውን እንደ ጠመንጃ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ጎተቱት። አንዱ እግር እጥፍ አለ። ያ ከባድ ናስ ወደ ፊታቸው ሲወርድ ገመቹ ከሰልፉ ተወርውሮ ትከሻቸውን ገፍቶ አስጣላቸው፤ በሌላ እጁ ቱቦውን ሊይዝ ሞከረ፤ አመለጠው። ሌንሱ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። አገረ ገዢው ጭቃው ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸው ተንከባለለ። ከዚያ ከተማሪዎቹ መሐል አንዱ ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ገመቹን የጨረሰው። ያ ሳቅና እኔ።

«ማነው የገፋኝ?» አሉ እንደተቀመጡ። ዘበኞቹ ገመቹን አንቀውታል። «ይህን ልፍስፍስ እግር የሠራውስ ማነው?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «እግር የሠራው እሱ ነው ጌታዬ» አልኩ፤ በጣቴ እያመለከትኩ።

ቃሉን መርምረው፤ ሐሰት የለበትም። ገመቹ እግር ሠርቷል፤ ያኛውን ግን አይደለም። ርዕሰ መምህሩ እውነቱን ያውቃል፤ ግን የአገረ ገዢውን ባርኔጣ አንስቶ ጭቃውን ይጠርግ ጀመር። ገመቹን እየጎተቱ ወሰዱት።

ጉዳዩ በታየበት ቀን ለምስክርነት ተጠርቼ ወደ አገረ ገዢው ግቢ ሄድኩ። በሩ ላይ የገመቹ አባት ኦቦ ቶሌራ ቆመዋል። ከዲጋ የመጡት በቅሏቸውን እየነዱ በእግራቸው ነው። በቅሎዋ ላይ ያ የዋንዛ መቆሚያ ተጭኗል፤ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለምነው ያወጡት ነው። ልጃቸው የሠራው የትኛው እንደሆነ በዓይን ሊያሳዩ ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ የልጃቸው ጓደኛ መሆኔን ያውቃሉ፤ ከእርሻቸው በቆሎ እሸት በልቻለሁ።

የግቢው አስተርጓሚ ለቅሶ ሄዷል አሉ። አገረ ገዢው ወደ እኔ እያዩ «አንተ መምህር፣ የነሱን ቋንቋ ታውቃለህ አሉ፤ የሚለውን ንገረኝ» አሉኝ።

ኦቦ ቶሌራ መቆሚያውን መሬት ላይ አቆሙት። ጋቢያቸውን አደግድገው በኦሮምኛ ተናገሩ። የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ጌታዬ፣ ልጄ የሠራው ይህንን ነው። በእጅዎ ይግፉት፤ ከተነቃነቀ ልጄ አጥፍቷል። የገፋዎት ያ ብረት ዓይንዎን እንዳያጠፋው ብሎ ነው። ጥፋት አለ ካሉም እኔ አባቱ ነኝ፤ እኔን ይቅጡኝና እሱን ለተማሪዎቹ ይልቀቁላቸው።»

«ምን ይላል?» አሉ አገረ ገዢው።

እንዲህ አልኩ፦ «ጌታዬ፣ ‹ልጄ የሠራው ይህ ነው፤ ያኛውን የሰበሩት አያያዙን ስለማያውቁ ነው። ልጄ ባይገፋዎት ዓይንዎ ይጠፋ ነበር፤ ውለታውን ይወቁ። ጥፋት አለ ካሉም ወንድ ከሆኑ እኔን ይንኩኝ› ይላል።»

ታያለህ? ብዙ አልጨመርኩም። ትንሽ ትንሽ ነው የጠመዘዝኩት። ልመናውን ድፍረት አደረግሁት። ልጃቸው ከተፈታ የመቆሚያው ነገር እኔ ላይ ይዞራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ቃሎቹ ከአፌ ሲወጡ፣ የአገረ ገዢው ፊት ሲጠቁር ሳይ፣ ውስጤ ደስ አለው። የዚያን ደስታ ጣዕም ዛሬም አውቀዋለሁ።

አማርኛ የማይሰሙት ኦቦ ቶሌራ ተርጉሜ ስጨርስ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። «ገለቶማ፣ ልጄ» አሉኝ። አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

ገመቹ በዘበኞች መሐል ቆሞ ነበር። እሱ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። «ጌታዬ» አለ በዚያ በሚጎተተው አማርኛው፤ «አባቴ እንዲህ አላለም።»

«ታዲያ መምህሩ ዋሸ ነው የምትለው?»

«አባቴ እንዲህ አላለም፤ ለመነዎት እንጂ።»

አገረ ገዢው ወደ እኔ ዞሩ። «ዋሽተሃል?»

አሁንም በሩ ክፍት ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ገመቹ አየኝ፤ አባቱ አዩኝ፤ ሽማግሌው እጄን ገና አልለቀቁም።

«አልዋሸሁም ጌታዬ» አልኩ።

ኦቦ ቶሌራን ግቢው ውስጥ ገረፏቸው። ልጃቸው እንዲያይ አቆሙት። ሽማግሌው ለምን እንደሚገረፉ አልገባቸውም፤ በመሐል በመሐሉ ወደ እኔ እየዞሩ «በርሲሳ፣ ንገርልኝ፤ ንገርልኝ!» ይሉ ነበር፤ መምህር፣ ንገርልኝ። እኔ ጫማዬ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ከደረጃው ጠርዝ ጋር እያሸሁ አስለቅቅ ነበር። መቆሚያውን ለወጥ ቤቱ ማገዶ ፈለጡት፤ ጠንካራ ስለነበር ፈላጩ ብዙ ደከመ።

በዚያ ሳምንት መምህራን ክፍል ውስጥ ነገሩ ሲወራ የሽማግሌውን ድምፅ አስመስዬ «ንገርልኝ፣ ንገርልኝ» አልኩ። ሰዎች ሳቁ። ይህንንም አደረግሁ። የግርፋቱ ባለቤት ማነው ብትለኝ አገረ ገዢው ልልህ እችላለሁ። የዚያ ሳቅ ባለቤት ግን ማነው?

ኦቦ ቶሌራ ዲጋ ገብተው ተኙ፤ ክረምቱን አልወጡም። ገመቹ ቀብራቸው ላይ አልነበረም፤ ገና እስር ቤት ነው። ሌሎቹ መምህራን ለቅሶ ሲሄዱ እኔ ፈተና አርማለሁ ብዬ ቀረሁ። ገመቹ ሲፈታ መልሶ የሚቀጥረው ትምህርት ቤት አላገኘም፤ ከአገሩ ጠፋ ተባለ። እኔ አዲስ አበባ ለከፍተኛ ትምህርት ተላክሁና የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኜ ወደ ወለጋ ተመለስኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጊምቢ ላይ መኪና ስጠብቅ አንድ ሰው የቡና ጆንያ ከትከሻው አውርዶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ገመቹ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። አጠገቡ ምሳውን ይዛለት የመጣች ትንሽ ልጅ ቆማለች። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ እንዴት በቀለለኝ! እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋልኝ።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ በኦሮምኛ «ጫልቱ፣ ሰላም በያቸው። መምህር ናቸው። ቋንቋችንን አሳምረው ያውቃሉ» አላት።

ልጅቱ በአክብሮት ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች። ያኔ እንኳ፣ ያኔ እንኳ «ይቅር በለኝ» ማለት አልቻልኩም። በአያቷ ቋንቋ «እደጊ» ብዬ መረቅኋት፤ መኪናው ላይ ወጣሁ፤ በመስኮት አልተመለከትኩም።

አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም። የበደልኩት አንተን አይደለም፤ የማሩኝ እንደሆነ የሚምሩኝ እነሱ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ጊዜ እያለኝ አልጠየቅሁም። ልጅነት ነው አትበልልኝ፤ ዘመኑ ነው አትበልልኝ። ዘመኑ አስተርጉም አለኝ እንጂ አጣምም አላለኝም። ያጣመምኩት እኔ ነኝ።