ውሃውን መስመሩ ላይ ማቆየት

ከጂንካ ልወጣ በዋዜማው ማታ መብራት ስለጠፋ እናቴ ሻንጣዬን የዘጋችው በስልክ ብርሃን ነው። ኮረሪማ ጨመረች፣ ቡላ ጨመረች፣ አልዘጋ ሲላት በጉልበቷ ወጣችበት።

"እማዬ፣ ኪሎው ያልፋል!"

"ይለፍ! ምርቃት ነው።"

እናቴ ከካኮ በቆሎ እያመጣች ጂንካ ቅዳሜ ገበያ ትሸጣለች። ጣሳውን ሞልታ ከሰፈረች በኋላ ከላይ አንድ እፍኝ ሳትመርቅ ደንበኛ ሸኝታ አታውቅም።

ሆላንድ የመጣሁት ለማስተርስ ነው፤ ትምህርቱ ኮንትሮል ይባላል። ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። ሁለት ጋኖች አሉ፤ ፓምፕ የላይኛውን ይሞላል፣ የላይኛው ወደ ታችኛው፣ የታችኛው ደግሞ ወደ ውጭ ይፈሳል። እናንተ የምታዙት ፓምፑን ብቻ ነው። የታችኛውን ውሃ ቀዩ መስመር ላይ አድርሳችሁ እዚያው ማቆየት አለባችሁ። ማድረሱንስ ማንም ያደርሰዋል፤ ጉዱ ማቆየቱ ላይ ነው። የተግባር ፈተናውን በሁለት ዕድል ካላለፍኩ ስኮላርሺፑም የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ያበቃል።

ብርዱን አታንሱብኝ። አከራዬ ማሞቂያውን አስራ ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ቆልፎታል።

"ጂንካ እኮ በአስራ ዘጠኝ ጃኬት ይደረባል" አልኩት።

"ይሄ ጂንካ አይደለም።"

"ጂንካ ቢሆንማ ማን ይቆልፈዋል?"

"ዱ ኖርማል!" አለኝ፤ እንደ ሰው ሁኚ ማለቱ ነው። ሁለት ሹራብ ደርቤ እንደ ሰው ሆንኩ።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ውሃዬ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። እኔ ነኝ ሆን ብዬ ከፍ ያደረግኩት።

"ለምን?" አለች መምህሯ።

"እንዳይጎድል ብዬ።"

"ስህተት ነው።"

"የጎደለ ነው እንጂ የተረፈ እንዴት ስህተት ይሆናል?"

"ለእኛ ሁለቱም እኩል ናቸው።"

ደሜ ፈላ። እኛ ጋ ልክ አፉ ድረስ ብቻ የሚሰፍር ሰው ስሙ ስስታም ነው። እሷ ግን ጣለችኝ፤ አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ፤ ምግብ ስበላ እንኳ ቆሜ ነው። እናቴ ስትደውል "አይዞሽ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሁሉ እየጾመልሽ ነው" ትለኛለች።

በሁለተኛው ፈተና ዒላማዬን ልክ መስመሩ ላይ አደረግኩ። ውሃው ደረሰ። መምህሯ ሳትነግረኝ የታችኛውን ጋን ተጨማሪ ቧንቧ ከፈተችብኝ፤ ውሃው ወረደ፣ ፓምፑ ጮኸ። ቀስ ብሎ ተመለሰና ቆመ። ለሚያየው ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል፤ ፓምፑ ግን ለአፍታም አላረፈም፤ ካረፈ ውሃው ይወርዳላ። እኔም እዚህ አገር የምኖረው እንደዚያው ነው። መምህሯ "አልፈሻል" ብላ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አቀረበችልኝ። ቤት ሳልደውል እሺ አልኩ።

"እማዬ፣ አለፍኩ!"

እልልታዋ ጆሮዬን ሰነጠቀው። "ጌታ ይመስገን! ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ። ስታልፍ ትመጣለች ብዬ አይደል ስጾም የከረምኩት! መቼ ነው የምትመጪው?"

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

"ሄሎ? ልጄ?"

"ኔትወርኩ ነው፣ እማዬ።"

"ለእኔ ጥርት ብሎ ይሰማኛል" አለችኝ።