ወደኋላ የቀረችው ጭብጨባ

ከቀራንዮ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የስደት ታሪካቸውን የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ የሚወጡት ሌሊት ነው፤ ውሻ ይጮኻል፣ እናት ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ ምናምን። የኔም አውሮፕላን ማታ ነበር። እናቴ ግን "ቦሌ እዚህ ጎረቤት መሰለህ እንዴ? መንገዱ ተዘጋግቶ ብትቀርስ?" እያለች ከምሳ በፊት ጫማ አስደረገችኝ። ጓዳ ገብታም አላለቀሰች። ከጸሎት ጓደኞቿ ጋር አሥራ አንድ ሆነው ሳሎናችን ውስጥ ተጨናንቀው፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ እያጨበጨቡ ሲዘምሩልኝ ዋሉ።

እነዚህ አሥራ አንድ እናቶች የሰፈራችን የረቡዕ ጸሎት ኅብረት ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ተራ በተራ በየቤታቸው እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ ከዚያ ሻይ እየጠጡ ትንሽ ሰው ያማሉ። ይቅር በሉኝ፣ እውነቱ ይሄው ነው። እናቴ አጠና ተራ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ከገባች ሠላሳ ዓመት ያልፋታል። ያቺን ረቡዕ ግን ለደንበኛም ለምንም አሳልፋ አትሰጥም ነበር። ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከእትዬ ወርቂቱ ፊት ለፊት ነው። እትዬ ወርቂቱ በአንድ ግድግዳ የምንገናኝ ጎረቤታችን ናቸው። ያን ቀን አንዷ እናት ሳያውቁ ያቺን ወንበር ቢይዙባት "ተነሺልኝ እባክሽ" ብላ አስነሳቻቸው። ሊሸኘኝ የመጣ ሰው እንዴት ታስነሳለች ብዬ አፈርኩ።

እኔ ደግሞ፣ ለማታውቁኝ፣ ሙዚቃ ሥራዬ ሆኖ አያውቅም። ሱሴ ነው። እሁድ ቸርች ኪቦርድ እመታለሁ፤ ከኔ የተሻለ የሚመታ ሲመጣ ሳውንድ ላይ እቀመጣለሁ። ቤት ስገባ ከአክስቴ ልጅ በወረስኩት ላፕቶፕ፣ በክራክ በተጫነ ፕሮግራም፣ ማንም ያላዘዘኝን መዝሙር ሳቀናብር እውላለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ሻንጣዬን ከመዝጋቴ በፊት ያለችኝን አንዲት ማይክ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ አንጠልጥዬ ቀዳኋቸው። መዝሙሩ አልቆ ሁሉም እየሳሙኝ ሳለ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"ይሄን አሳምረህ ሠርተህ ትልክልናለህ" አለችኝ። "አንተም ሄድክ፣ ቤቱም ምልክት ተደርጎበታል። ሁላችንም መበተናችን ነው። ድምፃችን እንኳ አንድ ላይ ይቆይ።"

እውነቷን ነው። የኛ መስመር ለመንገድ ይፈርሳል ተብሎ አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። "በአንድ ወር ይደርስሻል" አልኳት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

የመጣሁት ጀርመን ነው፤ አዛውንቶችን መንከባከብ ልማር። እነሱ አውስቢልዱንግ ይሉታል፣ እኔ ወገቤን የቆረጠኝ ነገር እለዋለሁ። የከተማዋን ስም ብነግራችሁም አትይዙትም፤ እኔ ራሴ በትክክል ለመጥራት ስድስት ወር ለፍቻለሁ። ሰማዩ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሐምሌ ነው፤ ጭቃ የሌለው፣ በቆሎ እሸት የማይጠበስበት ሐምሌ። ዳቦው ከነፍሬው ነው የሚጋገረው፤ አንዷን ቁራሽ አላምጣችሁ ሳትጨርሱ የምሳ ሰዓት ያልቃል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ዝምታው ነው። አውቶቡሱ ማንም ሳይጣራለት ይመጣል፣ ማንም ሳይጣራለት ይሄዳል። "ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! አንድ ሰው!" የሚል ወያላ የለም። እኔ እኮ በዚያ ጩኸት ስማረር ነው ያደግኩት፤ ይናፍቀኛል ብሎ ማን አሰበ?

በሥራዬ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምጮኸው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ አዛውንቶች በደንብ አይሰሙም። ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ጆሯቸው ላይ የሚያደርጓትን የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ መቀየር ነው። እየቆየሁ ስሄድ ማን እንደማይሰማ ገና ከበር አውቅ ጀመር። አፍ አፍህን ያይሃል፣ ሌላው ሲስቅ ይስቃል፣ ስልክ ሲያናግር "ይሄ ስልክ ተበላሽቷል" ይላል። አለቃዬ እንኳ "አንተ ቶሎ ትለያለህ" ብላ አመስግናኛለች።

ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ እደውላለሁ። "ድምፅህ ይቆራረጣል፣ ምን አልክ?" ትለኛለች። ኔትወርኩን እረግማለሁ። አንዴ አዲስ ስልክ በሰው ላክሁላት፤ እሱም ይቆራረጣል አለች። ሁለተኛ ላክሁ። ያው ነው። "አይ የኛ አገር ኔትወርክ!" እያልኩ ተማርሬ እዘጋዋለሁ።

መዝሙሩን መሥራት ስጀምር በስፒከር ከፍቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ አከራዬ ኸር ክራውዘ፣ በኛ አቶ ክራውዘ፣ የኪራይ ውሉን ይዞ በሬን አንኳኳ። ከሥሬ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው።

"ኸር ምናሴ፣ በውሉ መሠረት እዚህ የሚኖሩት አንድ ሰው ነዎት።"

"አዎ፣ አንድ ነኝ።"

"እኔ ቢያንስ አሥር ሴቶች ሰምቻለሁ። ያጨበጭባሉ።"

"አሥራ አንድ ናቸው" አልኩት፣ አፌ አያርፍ። "እናቶቼ ናቸው።"

ውሉን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "አሥራ አንድ እናት?"

"በኛ ሰፈር እንደዚያ ነው።"

ቀልዴ አልገባውም። ባኞ ቤቱን ከፍቶ አየ፣ ቁም ሳጥኑንም ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አልጋዬ ሥርም ተመለከተ። ማንንም ሲያጣ ቅር ያለው መሰለኝ። በማግስቱ በሬ ላይ ወረቀት ለጥፎልኝ አገኘሁ፤ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሩሄ፣ እሁድ ሙሉ ቀን ሩሄ። ሩሄ ማለት በጨዋ ቋንቋ ዝም በል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሠራሁት በጆሮ ማዳመጫ ነው። እሱም ርካሽ ነበርና ብዙ ሳይቆይ የግራው ሞተ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ከጆሮዬ ይልቅ ዓይኔን አመንኩ። ፕሮግራሙ ድምፁን ስክሪኑ ላይ ወጣ ገባ አድርጎ ይዘረጋላችኋል፤ ጭብጨባ ሲሆን ሹል ጫፍ ይወጣል። ከጀርባው ደግሞ ምቱ እዚህ ጋ ይረፍ የሚሉ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ። ያንን ሳይ ነው ጉዱን ያገኘሁት። ከእያንዳንዱ ትልቅ ጫፍ ኋላ አንዲት ትንሽ ጫፍ አለች። አንዷ እናት ትዘገያለች ማለት ነው። ያውም አንዴ ሁለቴ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው።

ኢንተርኔት ላይ ሚክሲንግ የሚያስተምሩት ሁሉ "የተንጠባጠበ ምት አጽዱ" ይላሉ። አጸዳኋ! ከሥራ ስመለስ እግሬን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው ዓይኔን አጥብቤ፣ ያቺን ትንሽ ጫፍ አንድ በአንድ ቆርጬ ጣልኳት። ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራዬን እንደምታበላሽ ብቻ ነው ያየሁት። በመጨረሻ ኤኮ ጨመርኩበት፤ ኤኮ የሌለው መዝሙር ለቀራንዮ ሰው ጨው የሌለው ወጥ ነው።

በነዚያ ሁለት ዓመታት እማዬ በየስልኩ "እንዳለ ላክልኝ፣ እኔ እንዲሁ ይበቃኛል" ትለኝ ነበር። "ጥሬውን አልሰጥሽም፣ ይብሰል" እላት ነበር። ሲያልቅ ያጸዳሁትን በዋናው ላይ ሴቭ አደረግኩት፤ ዋናው በዚያው ጠፋ። ስልኬ ላይ የነበረውን ቅጂ ደግሞ ለቋንቋ ትምህርት ቪዲዮ ቦታ ፍለጋ ካጠፋሁት ቆይቷል። ባለሙያ እንዲህ አያደርግም። እኔ ደግሞ ባለሙያ አይደለሁም ብያችኋለሁ።

በቴሌግራም ስልከው ሰፈሩ ፈርሶ ነበር። እማዬ ዓለም ባንክ እህቴ ሜሮን ጋ ገብታለች፤ እትዬ ወርቂቱ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፣ ለመጠያየቅ ሦስት ታክሲ ነው። እናቶቹ ሁሉ ከየተበተኑበት የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። እትዬ ወርቂቱ እያለቀሱ "ምናሴዬ፣ ኤኮው! ኤኮው ብቻውን ሰማይ ቤት ያስገባል!" አሉኝ። ሁለት ዓመት የደከምኩበት በዚያች ደቂቃ ተካሰ።

እማዬ ግን ሳምንት ሙሉ ምንም አላለችም። ራሴ ደወልኩ። ስልኩን የያዘችላት ሜሮን ናት፤ እኔ የምለውን ከጎን ሆና ጮክ ብላ ትደግምላት ነበር። ለምን እንደምትደግምላት አልጠየቅኩም።

"ሰማሽው እማዬ?"

"ሰማሁት። ያምራል። ጌታ ይባርክህ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እኔ የለሁበትም።"

"እንዴት አትኖሪም? አሥራ አንዳችሁም አላችሁ።"

"አሥሩ አሉ። እኔ ወጥቻለሁ" አለች፣ ሳትቆጣ። "የኔ ጭብጨባ የሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ለይቼ የምሰማው፤ ሌላውን እኮ ብዙም አልሰማውም። በቀኝ ጆሮዬ ለጥፌ አምስቴ አስደገምኩ። የለሁም።"

"ለምንድነው የምትዘገዪው?" አልኳት።

"የወርቂቱን እጅ አይቼ ነዋ! እጇ ሲገናኝ አያለሁ፣ ከዚያ የኔን አገናኛለሁ። ግራው ጆሮዬ አንተ ሳትሄድ ነው የሄደው። ቀኙም እየተከተለው ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ሜሮን ደገመችላት።

"ብነግርህ ትሄድ ነበር?"

የሰው እናት የጆሮ ባትሪ ስቀይር የከረምኩ፣ ቶሎ ትለያለህ ተብዬ የተመሰገንኩ ሰው ነኝ። ሁለት ስልክ ልኬላታለሁ። በራሴ ተናደድኩ፣ በእሷም ተናደድኩ። "አሁን አጨብጭቢልኝ፣ መልሼ አስገባሻለሁ" አልኳት። አጨበጨበች። ቀጥ ያለ፣ ከማንም ያልዘገየ ጭብጨባ ነው። የእሷ አይመስልም።

"እንዲህ አልነበረም እኮ የምታጨበጭቢው" አልኩ።

"የማየው እጅ የለማ" አለች። "ብቻዬን ከማን ልዘግይ?"

በሚቀጥለው እሁድ እኩለ ቀን ላይ በቪዲዮ ደወልኩ። የስልኩ ድምፅ ወደ ላፕቶፑ እንዲገባ አድርጌ፣ ስልኩን ከውሃ ጠርሙስ ጋር አስደግፌ፣ መዝሙሩን በቀኝ ጆሮዬ ከፈትኩ። እጆቼን ካሜራው ፊት አንስቼ ማጨብጨብ ጀመርኩ። እማዬ የሜሮን ሶፋ ላይ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣ እጄን እጄን ታያለች። የኔ እጅ ይገናኛል፤ ቆየት ብሎ የእሷ ይገናኛል። ኸር ክራውዘ ከታች ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት መታ። አላቆምኩም። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ጫፍ እንደገና ብቅ ማለት ጀመረች፤ ግን ከድሮ ቦታዋ በጣም ርቃለች። ምን ያህሉ የእማዬ፣ ምን ያህሉ የኔትወርኩ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

መዝሙሩ ሲያልቅ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"አሁንስ አለሁበት?"

"አለሽበት እማዬ" አልኳት።

አልሰማችኝም። ሁለቴ ራሴን ነቀነቅኩላት።