አክስቴ ፀሐይ ላይ ያሰጡት በርሜል

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። በቃል ስናገር ሁልጊዜ አንድ የሚያቋርጠኝ ሰው አይጠፋም፤ ወይ እናቴ «ዝም በይ» ትለኛለች፣ ወይ አክስቴ «የዚች ልጅ ምላስ ከቁመቷ ረዘመ» ይላሉ። ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ፊደል ቆጥሬ፣ ቃል ገጥሜ፣ የራሴን ሐሳብ መጻፍ የቻልኩት ዘንድሮ ነው፤ የቻልኩ ዕለት ግቢያችንን ሦስቴ እየዞርኩ ዘልያለሁ። ስለዚህ የበርሜሉን ነገር አሁን እናገራለሁ፣ ማንም አያስቆመኝም።

በርሜሉ የጣልያን ነበር። እዚህ መቀሌ፣ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ መጠጥ ቤት የነበረው ጣልያን፣ እንግሊዞች መጥተው ወገኖቹን ሰብስበው ሲወስዷቸው፣ ዕቃውን እንዳለ ትቶ ሄደ። የሰፈሩ ሰው አልጋና ወንበር ሲሻማ እናቴ ከጓሮ የቆመውን የእንጨት በርሜል መረጠች። እኔና እሷ ዳገቱን እየገፋን ስናወጣው ጎረቤት በር በሩ ላይ ቆሞ ሳቀብን።

«አልጋ ትታ ግንድ ታንከባልላለች! ልትተኛበት ነው?»

እናቴ መግፋቷን ቀጠለች። እሷ ያወቀችውን እነሱ አላወቁም። እናቴ አረቄ አውጪ ናት፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ያሳደገችኝ በዚሁ ሥራ ነው። ለዚያ ጣልያንም ብርጭቆ ታጥብለት ነበርና በዓይኗ አይታለች፦ እንደ ውኃ የነጣውን አረቄ በርሜል ውስጥ ይጨምራል፣ ዘግቶ ይተወዋል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲቀዳው ማር መስሎ ይወጣል። አፍ አያቃጥልም፣ ሽታው ደግሞ ሌላ ነው። የከተማው ሾፌርና ጸሐፊ ያንን ቀይ መጠጥ ከለመደ ወዲህ የእኛን ነጭ አረቄ ቀምሶ ፊቱን ያዞራል። አሁን መጠጥ ቤቱን የያዘችው ወይዘሮም ለእናቴ «አረቄሽን እንደዚያ ካቀላሽው ከሌላ ሰው አልገዛም» ብላት ነበር።

በርሜሉን መጀመሪያ ያሳየነው ለጎረቤታችን ለአናጢው ነው። አናጢው የወሎ ሰው ናቸው፣ እስላም፤ በጣልያን ጊዜ በጣልያኖች የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። እኔ «አያ» እላቸዋለሁ። በርሜሉን በጣታቸው አንኳኩ፣ አፍንጫቸውን ወደ አፉ አስጠጉና ወዲያው መለሱት።

«ባሉጥ ነው» አሉ። «የፈረንጅ አገር ዛፍ፤ እኛ አገር አይበቅልም። እዩ፣ ሳንቃው ሙጫም ምስማርም የለውም፤ አንዱ አንዱን ተደግፎ፣ በብረት ቀለበት ታስሮ ነው የቆመው። ሲረጥብ ያብጥና ይገጥማል፤ ሲደርቅ ይሸሻል። ጥላ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ አቆዩት። አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ እንዳያየው።»

«ከዚያ አረቄውን…» ብዬ ስጀምር ጆሯቸውን ያዙ።

«ከዚያ በኋላ የምታደርጉትን አልሰማሁም፣ ወላሂ። እኔ የነገርኳችሁ ስለ እንጨት ነው።»

እንዳሉት አደረግን። ከጎተራው ጥግ አቆምነው፣ ውኃ ሞላነው፣ በላዩ እርጥብ ጆንያ ጣልንበት። ውኃውን የምቀይረው እኔ ነበርኩ። እናቴ ደግሞ ድፍድፉን ጣለች፤ ጌሾውንም ብቅሉንም ከወትሮው መርጣ፣ አረቄውን ዳግም አወጣችው። በመቃው ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ አጠገቡ ተቀምጬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

በዚህ መሀል አክስቴ ከውቅሮ መጡ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አሞይ እላቸዋለሁ። የመጡት እኔን ሊወስዱ ነው። ቤታቸው ሰፊ ነው፣ ከብት አለ፣ ረዳት የለም። ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ ተናገሩት።

«የወንድሜ ልጅ እዚህ ጭስ ለጭስ ምን ትሠራለች? እኔ ጋ ሙያ ትማራለች።»

ውቅሮ ብሄድ ፊደል የሚያስተምረኝን ዲያቆን የት አገኘዋለሁ? ውቅሮ ዲያቆን ጠፍቶ አይደለም፤ አክስቴ «ሴት ልጅ ብራና ላይ አፍጥጣ ዓይኗ ይጠፋል» የሚሉ ሰው ናቸው። እናቴ አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለች፦

«እትዬ፣ ይህን አረቄ እንይ። ቀልቶ ካማረ ሥራው ለብቻዬ አይቻለኝምና ትቅርልኝ። ካልሆነ ግን ይውሰዷት።»

እኔ እንግዲህ በበርሜል ተንጠለጠልኩ።

ከዚያ ቃላሚኖ በኩል ዘመድ ሞተና እኔና እናቴ ለቅሶ ሄድን። ሠልስቱን ውለን ነው የተመለስነው። አክስቴን «ጆንያው እንዳይደርቅ ውኃ ያርከፍክፉልን» ብዬ ለምኛቸው ነበር፤ እሳቸውም «አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ስቀው ነበር።

ግቢ ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት የበርሜሉን ቂጥ ነው። በሁለት ድንጋይ ላይ ተደፍቶ ፀሐይ መሀል ቆሟል! አክስቴ አጠገቡ ወገባቸውን ይዘው እንደ ሙሽራ እናት ፈገግ ብለዋል።

«እንዲህ ነው ዕቃ የሚያዝ!» አሉ። «ውስጡ ጠቁሮ፣ የጣልያን ወይን ከርፍቶበት፣ እናንተ በላዩ ውኃ ታጠጣላችሁ። በግራዋ ፈትጌ አጠብኩት። በፀሐይ አደረቅኩት። ዛሬ ደግሞ በወይራ አጠንኩት። አሽትቺው እስቲ፣ ጓለይ፣ ልጄ!»

ክፋት አልነበራቸውም፤ ይኼ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ! ጋን ቢሆን፣ እንስራ ቢሆን፣ ቅል ቢሆን ያደረጉት ሁሉ ትክክል ነው። እናቴም፣ የሰፈሩም ሴት ሁሉ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ዕቃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥኖ ነው መጠጥ የሚገባበት። ለበርሜል ግን ሞቱ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ በሳንቃዎቹ መካከል የፀሐይ ብርሃን እንደ ክር ቀጥኖ ወዲያ ማዶ ያልፋል።

«ገደሉት!» ብዬ ጮህኩ። «አሞይ፣ በርሜሉን ገደሉት!»

«ዝም በይ!» አለች እናቴ።

«ብርሃን ይታያል እኮ! ነይ እይ!»

«ዝም በይ አልኩሽ።»

አክስቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን አጠፋሁ? እስቲ አረቄውን አምጪውና ጨምሪበት። እኔ ባጠንኩት ዕቃ መጠጥ ተበላሽቶ አያውቅም።»

እናቴ ቆመች። እንደማይይዝ ታውቃለች፤ ከአናጢው አፍ አብረን ሰምተናል። ነገር ግን «አይሆንም» ማለት ለባሏ ታላቅ እህት «አበላሽተዋል» ማለት ነው። ያንን መናገር አቃታት። አንድ ቃል ለመዋጥ ብላ ስንት ቀን የደከምንበትን አረቄ አንስታ ገለበጠችበት።

በየስንጥቁ ፈሰሰ። እንደ ወንፊት። እኔ ወጭት፣ ገበቴ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ከሥሩ እየደቀንኩ እሮጣለሁ፤ እናቴ በነጠላዋ ስንጥቁን ልትደፍን ትታገላለች፤ የጎረቤት አውራ ዶሮ መጥቶ ጭቃውን ለቀም ለቀም አደረገና ብዙም ሳይቆይ በራሱ ጥላ ላይ ተቆጥቶ ይዘል ጀመር። አጥር ላይ የተደረደረው ሰው በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅኩም። ዛሬም አያስቀኝም።

አክስቴ ጣታቸውን ወደ በርሜሉ ቀስረው «ቀዳዳ ኖሯል!» አሉ። «ለካ ጣልያኑ የጣለው ለዚህ ነው። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። የሚመጣው በዓል ሲያልፍ እኔና ጓል ሓወይ፣ የወንድሜ ልጅ፣ እንሄዳለን።»

ሲወጡ እናቴን ያዝኳት።

«አውቀሽ ደፋሽው!»

«የአባትሽ እህት ናቸው።»

«እኔስ? እኔ ያንቺ ምን ነኝ?»

 እጇ አረቄ አረቄ ይሸታል፤ በዚያው እጅ ዓይኗን ጠርጋ ዓይኗ ተቃጠለ። አላዘንኩላትም። በዚያን ሰዓት ከአክስቴ ይልቅ የተናደድኩት በእሷ ነበር።

ወደ አናጢው ቤት ያለ ሻሽ ሮጥኩ። መጥተው በርሜሉን አዩትና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«መልሰን ብናርሰው እንጃ፤ አንዱ ሳንቃ ተሰንጥቋል። በርሜሉ አልቋል፣ እንጨቱ ግን አላለቀም።» ትንሽ አሰቡ። «አረቄው እንጨቱ ውስጥ ካልገባ፣ እንጨቱ አረቄው ውስጥ ይግባ… እኔ ግን አሁንም የምናገረው ስለ እንጨት ብቻ ነው።»

ቀለበቱን መቱት፣ ሳንቃው ተበተነ። የውስጡን ፊት፣ ያን የአክስቴን የወይራ ጭስ፣ በመላጊያ ልጠው ጣሉት። ከሥሩ እንጀራ መሳይ ቀለም ያለው ንጹሕ እንጨት ወጣ። በጣት ውፍረት ፈልጠው ሰጡኝ። ፍም ላይ እያገላበጥኩ ጠበስኩት፤ የመጀመሪያዎቹ ከሰሉብኝ፣ በኋላ ግን እጄ ለመደ። ገብስ ሲቆላ የሚሸተውን ሲሸት ማንሳት ነው። በገበቴና በወጭት ያተረፍነውን አረቄ በጨርቅ አጥልዬ፣ ግማሹን በትልቁ የጣልያን የመስተዋት ጠርሙስ አድርጌ እንጨቱን ጨመርኩበት።

አክስቴ ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ እንዴ?

«እንጨት ከሆነ ነገሩ፣ ከወይራ የሚበልጥ ምን እንጨት አለ? የፈረንጅ ፍልጥ ከመዝፈቅ!»

የቀረውን ግማሽ አረቄ በእንስራ አድርገው፣ የወይራ ጉማጅ ለብልበው ጨመሩበት። እኔም ለማየት ብዬ በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ የጥድ ፍቅፋቂ ሞክሬ ነበር፤ የሚያጣብቅ፣ የሚመር፣ ምላስ ላይ የማይለቅ ነገር ሆነ፤ ደፋሁት። የባሉጡን ግን በየማለዳው በር ላይ አውጥቼ በብርሃን አየዋለሁ። መጀመሪያ ገለባ መሰለ። ከዚያ ቅቤ። ከዚያ ማር! ማር የመሰለ ዕለት ዲያቆኑ ጋ ሮጬ ሄጄ፣ ማር የሚለውን ቃል በትልቁ ጽፌ አሳየሁት። ምን እንደሆንኩ አልገባውም።

አክስቴ ሊሄዱ ጓዛቸውን ሲያስሩ መጠጥ ቤት ያላት ወይዘሮ ልትቀምስ መጣች። አክስቴ ቀድመው የእሳቸውን ቀዱላት። ጠይም፣ ድፍርስ ያለ ነው። ሴትዮዋ ጎርሳ አሳላት።

«ወይ ጉድ፣ እናቴ! የወተት ቅል እጣቢ ነው እንዴ ይሄ?»

«ለሆድ ቁርጠት ነው፤ የገባው ሰው ያውቀዋል» አሉ አክስቴ።

ቀጥሎ የእኔን ቀዳሁላት። ጎረሰች።  ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አነሣችና እንደገና ጎረሰች።

«ይህን ማን ሠራው?»

አክስቴ ለአፍታም አላመነቱም። «እኔ ነኝ ያጠንኩት!» አሉ። «በወይራ። በእጄ።»

አፌን ልከፍት ስል እናቴ እጄን ያዘች። በቃ፣ ዛሬም ዝም በይ ልትለኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እሷ ግን የተናገረችው ለእኔ አልነበረም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እጄን ሳትለቅ፤ «ይህ የልጄ ሥራ ነው። በርሜሉን ፀሐይ ጨርሶት ነበር፤ ያተረፈችው እሷ ናት። ልጄ የትም አትሄድም።»

 ሴትዮዋ ብርጭቆዋን አገላበጠች። አክስቴ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ያለቀሱ መሰለኝ፣ ነገር ግን የሸፈኑት ለማሰብ ነው።

«እንግዲህ እናቷ ካለች» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ጨቅጫቃ ልጅ ቤቴ ምን ያደርግልኛል?»

ቀረሁ! ዲያቆኑ አለ፣ ፊደሉ አለ፣ የቀሩት የባሉጥ ሳንቃዎች ከመደቤ ሥር አሉ። እናቴም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ልናገር ስል እስክጨርስ እየጠበቀችኝ ነው። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው።

ግን ንዴቴ አልወጣልኝም። አክስቴ የወይራ እንስራቸውን ተሸክመው ውቅሮ ገቡ። ሰሞኑን ከዚያ የመጣ ነጋዴ ምን እንደሚያወሩ ነገረን፦ «መቀሌ ሄጄ በርሜላቸውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥኜ ባልሰጣቸው ኖሮ፣ ያ ቀይ አረቄ አይወጣም ነበር» ይላሉ አሉ። አገሩ ሁሉ አምኗቸዋል! ነጋዴው ራሱ «የአክስትሽ እጅ ይባረክ» አለኝ። መልስ ልሰጠው ስል እናቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ሳቋን አፍና ነው ግን።

እሺ፣ ለነጋዴው አልተናገርኩም። እዚህ ግን እናገራለሁ፦ ያ ጭስ በመላጊያ ተልጦ ተጥሏል። ፍቅፋቂውንም ምድጃ ውስጥ የጨመርኩት ራሴ ነኝ!